የትምህርት ቤት አገልጋዮች ዝውውር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ
ከአገልግሎት መሬት እስከ ወረዳ በጀት

መግቢያ

በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ማን እንደሚሠራ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው የሚመልሰው ስለ መምህራንና ስለ ዲሬክተሩ ነው። ይሁን እንጂ ሌሊት ግቢውን የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ክፍሉን የምትጠርገው የጽዳት ሠራተኛ፣ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ተላላኪ፣ መዝገብ የምትይዘው ጸሐፊ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ባይኖሩ ትምህርት ቤቱ አንድ ወር እንኳ በደኅና ሊዘልቅ እንደማይችል የታወቀ ነው።

ይህን አጭር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነው። ስለ መምህራን ቅጥርና ዝውውር ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለ ዘበኛውና ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምንመረምረው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ ትምህርት ቤትን በማስተማር ሳይሆን በሌላ ሥራ የሚያገለግል ሰው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድ ሲፈልግ የሚለቀው ማን ነው? የሚቀበለውስ ማን ነው? ይህስ ሥርዓት በየዘመኑ እንዴት እየተለወጠ መጣ?

ለምርመራችን የመረጥነው አገር በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ናቸው። ይህ አገር ከጉና ተራራ በምሥራቅና በደቡብ ተዘርግቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ፣ ደጋውም ቆላውም የተቀላቀለበት ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በጋይንት የሚገኙት የቤተልሔምና የዙር አምባ ገዳማት ከጥንት ጀምሮ በትምህርት የታወቁ ስለሆኑ፣ በአንድ አገር ላይ አሮጌውንና አዲሱን ሥርዓት አስተያይቶ ለመመልከት ስለሚመች ነው። ሁለተኛው፣ አገሩ በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ በመሆኑ ነው። በሜዳ አገር ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው መዛወር የግማሽ ቀን ጉዞ ቢሆን፣ እዚህ ግን የአንድን ቤተ ሰብ ኑሮ ሙሉ በሙሉ የሚለውጥ ነገር ነው።

አስቀድመን የደረስንበትን ለመናገር ያህል፣ በዘመናት ሁሉ ያገኘነው ፍሬ ነገር አንድ ነው። አገልጋይ የሚዘዋወረው ቀለቡ ወይም ደመወዙ በሚዘዋወርበት መንገድ ነው። ቀለቡ ከመሬት ጋር የታሰረ ከሆነ ሰውየውም ከመሬቱ ጋር ይታሰራል፤ ደመወዙ ከአንድ የወረዳ ሣጥን የሚወጣ ከሆነ ሰውየውም በዚያ ሣጥን ዙሪያ ይቀራል። ይህንንም ከዚህ በታች በየተራው ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. የአብነት ትምህርት ቤትና የአገልግሎት መሬት

ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ መሆናቸውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ አይስተውም። ከጎጃምም ሆነ ከሸዋ፣ ከላስታም ሆነ ከትግራይ የተነሣ ተማሪ፣ አኮፋዳውን በትከሻው፣ ለውሻ መከላከያ የሚሆነውን ዱላ በእጁ ይዞ ወደዚህ አገር ይመጣ ነበር፤ ዛሬም የሚመጣ አለ። ድጓውን በቤተልሔም አስመስክሮ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ ሲያልፍ፣ ለቅዳሴው ደግሞ ወደ ዋድላ ሰላልኩላ ሲሻገር፣ ማንም ባለሥልጣን ፈቃድ አይጠየቅም። ሸኚ ደብዳቤው የመምህሩ ቃልና ምርቃት ነበር። «ከእገሌ ዘንድ ተምሮ አስመስክሯል» ከተባለለት በር ሁሉ ይከፈትለታል።

በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ዛሬ ድጋፍ ሰጪ የምንለውን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት፣ ጎጆ ማደስ፣ የየኔታን ማሳ ማረምና ማጨድ በተራ የሚሠራ ነበር። ረድእ የሚባሉት ይህን ያከናውናሉ፤ ሊቀ ረድኡ ደግሞ ተራውን ይደለድላል፤ ያጠፋውን ይገሥጻል። ደመወዝ የለም፤ ቀለቡ ከመንደር የሚለመን ቁራሽ ነው። አገልግሎቱ የትምህርቱ አካል እንጂ ራሱን የቻለ ሥራ ስላልነበረ፣ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ አገልግሎቱም አብሮት ያበቃል። ዛሬ ውኃ የሚቀዳው ልጅ ነገ መሪጌታ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል የቆመ ግንብ አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ግን ሌላ ሥርዓት ነበር። ካህኑ፣ ዲያቆኑ፣ ደብተራው፣ ሌላውም የደብሩ አገልጋይ የሚኖረው ለአገልግሎቱ በተመደበ መሬት ነው። መሬቱ የተሰጠው ለአገልግሎቱ እንጂ ለሰውየው ብቻ ስላልነበረ፣ አገልግሎቱ ከተቋረጠ መሬቱን የመያዝ መብትም ያጠራጥራል። በጎንደር አገር ስለ ነበረው የመሬት ይዞታ የጻፉ የታሪክ ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ መሬቱን የያዘው ሰው ራሱ ለማገልገል የማይችል ወይም የማይፈልግ ሲሆን ሌላ ሰው በቦታው አቁሞ ያስገለግል ነበር። ሴቶችና ጨዋ የሆኑ ሰዎች ጭምር እንዲህ ያለውን መሬት እየያዙ በምትክ ያስገለግሉ ነበር።

ስለዚህ በአንድ ደብር ዙሪያ ሁለት ዓይነት ሰው እንመለከታለን። አንደኛው ሀብቱን በራሱ ውስጥ የተሸከመ ሰው ነው፤ እርሱም ዜማውን የያዘው ሊቅ ነው፤ የትም ቢሄድ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው ኑሮው ከአፈሩ ጋር የታሰረ አገልጋይ ነው፤ እርሱም ምትክ ሳይተካ አይንቀሳቀስም። ሊቁ በምስክር፣ አገልጋዩ በምትክ ይዘዋወር ነበር ማለት ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ስሙን ለውጦ ደጋግሞ እናገኘዋለንና።

2. የአፄ ቴዎድሮስ ሙከራ

የአገልጋዮችን ቍጥርና ቀለብ በአንድ ማዕከላዊ ሥልጣን ለመወሰን በዚህ አገር ከተደረጉት ሙከራዎች ቀደምት ሆኖ የሚጠቀሰው የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸው በነበረው በደብረ ታቦር አቅራቢያ ላሉት አውራጃዎች የቅርብ ጌታ ነበሩ። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቁታል፤ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍለው ገበሬና ለጦሩ ይሁን የሚል አሳብ አቀረቡ። በዚህም ምክንያት ከካህናቱ ጋር የተነሣው ክርክር በመጨረሻ ለመንግሥታቸው መዳከም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኗል።

እኛ በዚህ ቦታ የምናነሣው ንጉሡን ለመውቀስ ወይም ካህናቱን ለመደገፍ አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አለ። ለቅዳሴ የሚያስፈልገውን ሰው ቈጥሮ ማስቀረት ቀላል ነው። ነገር ግን ከቅዳሴው ውጪ ያሉት፣ ድጓ ቈጣሪው፣ ተማሪ አስተማሪው፣ ዕቃ ጠባቂው፣ በቍጥሩ ውስጥ አልገቡም። የሠራተኛን መደብ ከላይ ሆኖ የሚወስን ሰው መጀመሪያ የሚያየው በፊት ለፊት የቆመውን ነው፤ ከበስተኋላ ሆኖ የሚያገለግለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ይህም ችግር ከንጉሡ ጋር አብሮ አልተቀበረም።

3. የትምህርት ግብርና የመንደሩ ዘበኛ

የኢጣሊያ ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን ጥቂት የዘመናዊ ትምህርት ጅምር አጥፍቶት ስለ ነበር፣ ከነጻነት በኋላ ሁሉ ነገር ከመሠረቱ መጀመር ነበረበት። ትምህርት ቤት ለመክፈት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ታወጀ። አሳቡም ከመሬት የሚሰበሰበው የትምህርት ግብር በዚያው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ነበር። ይህንንም የሚመለከቱ የትምህርት ቦርዶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተቋቋሙ።

አሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት አንድ ችግር ነበረ። በቤጌምድር፣ በጎጃምና በትግራይ የርስት መሬት ስላልተለካ፣ ግብሩ የሚከፈለው እንደ ደቡቡ አገር በጋሻ ተቈጥሮ ሳይሆን በቀድሞው ልማድ ነበር። ከዚህ የሚገኘው የትምህርት ግብር አነስተኛ በመሆኑ የሚከፈቱትም ትምህርት ቤቶች ጥቂት ሆኑ። የተገኘችውም ገንዘብ በቅድሚያ ለመምህሩ ደመወዝ ትውላለች።

በዚህ ጊዜ የሠራተኛ አመዳደብ በሁለት ተከፈለ። መምህሩን የሚመድበው የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ይዞ በበቅሎ ይመጣል፤ ጥቂት ዓመት አስተምሮ በሌላ ደብዳቤ ይሄዳል። ዘበኛው ግን ከመንደሩ የሚገኝ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የተሠራው ሕዝቡ መሬት ሰጥቶ፣ እንጨትና ጭቃ አዋጥቶ ስለሆነ፣ ከሕዝቡ መካከል አንድ የታመነ ሰው እንዲጠብቀው ይደረጋል። ማሳው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የሚዋሰን ሰው ቢመረጥ አያስገርምም። ቀን ያርሳል፤ ማታ ይጠብቃል። ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ሲታነጹም የአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን እንዲያዋጣ ይደረግ ነበር፤ ቆርቆሮ የለበሰውን ሕንፃ የሚጠብቀውም ያው የመንደሩ ሰው ነው።

እንግዲህ አዲሱ ትምህርት ቤት የአሮጌውን ልዩነት በሌላ መልክ ወረሰ። መምህሩ እንደ ሊቁ ይዘዋወራል፤ ዘበኛው እንደ ደብሩ አገልጋይ ከመሬቱ ጋር ይቀራል። በአንድ ነገር ግን ከአሮጌው ይልቅ ከፋ። በአብነት ትምህርት ቤት ውኃ ቀጂው መሪጌታ ለመሆን መንገድ ላይ ነበር፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን ዘበኛው በደጁ ቆሞ የሚያየውን ትምህርት ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲማር ሥርዓቱ አላሰበለትም።

4. የ1954 ዓ.ም. ትእዛዝ

በመንግሥት ሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ወጣ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመለከት ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 ተቋቋመ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሚኒስቴር ሠራተኛውን በራሱ ልማድ ይቀጥር፣ ደመወዙንም በራሱ ግምት ይወስን ነበር። አዲሱ ሥርዓት ግን ሥራን በመደብና በደረጃ ለመክፈል፣ ቅጥርን በችሎታ ለማድረግ፣ ዝውውርን፣ ዕድገትን፣ ፈቃድንና ቅጣትን በአንድ ደንብ ለማስተዳደር የታሰበ ነበር።

ይህ ለትምህርት ቤት አገልጋይ ምን አመጣለት? ሁለት ነገር አመጣለት እንላለን። በመጀመሪያ ስም ሰጠው። ከዚያ በፊት የእገሌ ሰው፣ የእገሌ አሽከር ይባል የነበረው፣ በጥበቃና በጉልበት ሥራ መደብ የተመዘገበ የመንግሥት ሠራተኛ ለመሆን በቃ። የግል ማኅደር ተከፈተለት፤ የአገልግሎት ዘመኑም ለጡረታ ይቈጠርለት ጀመር። በመሠረቱ ማኅደር ያለው ሰው ሊዘዋወር የሚችል ሰው ነው፤ ማኅደሩ በፖስታ ተልኮ ከአዲሱ ቦታ ይደርሳልና።

ሁለተኛው ግን ጥቅም አልነበረም። ደንቡ ቋሚ ሠራተኛንና ጊዜያዊ ሠራተኛን ይለያል። በቋሚ መደብ ያልተመዘገበው፣ ቦርዱ ወይም ሕዝቡ ከሚያዋጣው ገንዘብ የሚከፈለው ዘበኛ፣ በደንቡ ዓይን እንዳልነበረ ያህል ነው። ለእርሱ ዝውውር የሚባል ነገር የለም። ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ ከፈለገ ሥራውን ጥሎ መሄድ፣ በሄደበትም እንደ አዲስ ሰው ደጅ መጥናት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት ዘበኞች አንዱ ሕግ ያለው፣ ሁለተኛው ሕግ የሌለው ለመሆን ቻለ።

በዚያው ዘመን በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ የራስ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር። አውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤትና ገቢ እንዲኖራቸው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትንም እንዲያስተዳድሩ የታሰበበት ነው። ገንዘቡን የሚመለከተው ሕግ በፓርላማ ባለመጽደቁ ከጥቂት ሙከራ አልፎ በአገሩ ሁሉ አልተስፋፋም። ቢስፋፋ ኖሮ የዘበኛው ደመወዝ ከአውራጃው ሣጥን ይወጣ፣ ዝውውሩም በአውራጃው ወሰን ያበቃ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ያ ያልሆነው ነገር ከ36 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ሲሆን እናያለን።

5. ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም.

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወምና ስለ ደመወዛቸው በመጠየቅ ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ የመምህሩ ጉዳይ የአገር ጉዳይ ሆነ። መምህሩ ማኅበር ነበረው፤ ድምፁም እስከ ቤተ መንግሥት ተሰማ። ዘበኛው ግን በተናጠል ነበር።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን የዘበኛውን ኑሮ ከመምህሩ ይልቅ ነካው። የቤተ ክርስቲያን የአገልግሎት መሬት ሥርዓት በዚህ አዋጅ ፈረሰ። የርስቱም ውርስ ቀርቶ መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል በነዋሪነት የሚያዝ ሆነ። ይህም ማለት መሬት የሚገኘው በቀበሌው ውስጥ በመኖር ነው። ከአርብ ገበያ አጠገብ ማሳ ያለው የትምህርት ቤት ዘበኛ ወደ ነፋስ መውጫ ቢዛወር፣ ደመወዙን ይዞ ይሄዳል፤ ማሳውን ግን ለማን ትቶ ይሄዳል? ደመወዙ ለብቻው ቤተ ሰብ የማያስተዳድር ከሆነ ዝውውሩ በወረቀት ቢፈቀድም በኑሮ አይቻልም። ስለዚህ መሬቱ ከባለ ርስት እጅ ወጥቶ ወደ ማኅበር እጅ ቢገባም አገልጋዩን ማሰሩን አልተወም።

የዝውውሩን ወረቀት በሚመለከት ግን ይህ ዘመን ከሌሎቹ ይልቅ ሰፊ ነበር። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ የሚከፈለው ከአንድ የመንግሥት ግምጃ ቤት ስለ ነበር፣ በጎንደር ክፍለ ሀገር ውስጥ ሠራተኛን ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ማዛወር የበጀት ክርክር አያስነሣም። የሚያስፈልገው ክፍት መደብና የበላይ ፈቃድ ነበር። ሰውየው ሳይጠይቅም «ለሥራው አመቺነት ሲባል» ተብሎ ሊዛወር ይችላል። በዚህ አነጋገር ስንት ቅን ሠራተኛ ከቤቱ እንደ ተነቀለ በመንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የአንድ ሣጥን ሥርዓት ሰውን ይፈታል፤ የሚፈታው ግን ወደ ወደደው ቦታም፣ ወደ ጠላው ቦታም ነው።

በ1976 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 260 ትምህርት ቤቶች በኮሚቴ እንዲተዳደሩ ሲደረግ፣ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቱ የሚያዋጣው ገንዘብ በሕግ መልክ ያዘ። ከዚህ ገንዘብ ዘበኛ መቅጠር በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት የተለመደ ሆነ። ይህም ከላይ ሕግ የሌለው ያልነውን ዘበኛ ቍጥር አበዛው። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ጉና በደረሰ ጊዜ፣ ከመምህራኑ ውስጥ የሸሸው ሸሽቶ፣ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ጋር የሚቀረው ሰው የመንደሩ ዘበኛ እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም። መሄጃ የሌለው ሰው በክፉ ቀን የሚገኘው እዚያው ነው።

6. የወረዳው ሣጥን

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ለውጥ ሥልጣንን ከማዕከል ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ወረዳ ያወረደ ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በ1994 ዓ.ም. የአማራ ክልል የተሻሻለውን ሕገ መንግሥቱን በአዋጅ ቁጥር 59 ሲያጸድቅ፣ ወረዳዎች በጥቅል ድጎማ በጀት የሚተዳደሩበት ሥርዓት ተጀመረ። ክልሉ ለወረዳው ጥቅል ገንዘብ ይሰጣል፤ የወረዳው ምክር ቤት ለየመሥሪያ ቤቱ ይደለድላል። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስደው ደመወዝ ነው።

አሳቡ ሥልጣንን ለሕዝቡ ማቅረብ በመሆኑ የሚመሰገን ነው። ለትምህርት ቤቱ አገልጋይ ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣበት። በአንድ ወረዳ ውስጥ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት መዛወር ቀለለ፤ ወረዳው በራሱ ሣጥን ውስጥ ገንዘቡን ማዘዋወር ብቻ ነውና። ከወረዳ ወደ ወረዳ መዛወር ግን ከበደ። የሚለቀው ወረዳ ፈቅዶ መልቀቂያና የደመወዝ ማቋረጫ ካልጻፈ፣ የሚቀበለው ወረዳም በጀት ያለው ክፍት መደብ ካላሳየ ዝውውር የለም። ሠራተኛው ራሱም መስማማት አለበት። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች፣ ማለት የ1994ቱ ቁጥር 262፣ የ1999ኙ ቁጥር 515 እና የ2010ሩ ቁጥር 1064 በየተራ ተተካክተዋል፤ ክልሎችም የራሳቸውን አዋጅ አውጥተዋል። ይሁን እንጂ የደንቡ ቃል ቢሻሻል፣ ሣጥኖቹ ተለያይተው እስከ ቀሩ ድረስ ችግሩ አይፈታም።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንዲት በስማዳ ወረዳ በወገዳ ከተማ የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ ባሏ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ይኖራል እንበል። መምህርት ብትሆን ኖሮ፣ በየዓመቱ የዝውውር ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ የአገልግሎት ዘመን፣ የጋብቻና የጤና ምክንያት እየተመዘነ በውድድር ታልፋለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን በመምህራኑ መመሪያ ውስጥ ስለሌለች በእግርዋ መሄድ አለባት። መካነ ኢየሱስ ወርዳ ክፍት መደብ መኖሩን ትጠይቃለች፤ የመቀበያ ደብዳቤ ታጽፋለች፤ ወገዳ ተመልሳ መልቀቂያ ትለምናለች። የወረዳው ሹም «ምትክ ሳናገኝ አንለቅም» ቢላት የሚፈርድባት ደንብ እንጂ የሚፈርድላት የለም። ስለዚህ ብዙ ሠራተኛ የሚጠቀምበት መንገድ የእርስ በርስ ዝውውር ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ መምጣት የምትፈልግ፣ ደረጃዋ የሚመሳሰል ሌላ ሠራተኛ ፈልጋ ካገኘች፣ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሁለቱም ሣጥኖች አይጎድሉም፤ አይሞሉም። እነሆ፣ የደብሩ አገልጋይ ምትክ በዘመናዊ ወረቀት ተመልሶ መጣ!

በዚህ ላይ ወሰኑ ራሱ ይለዋወጣል። እስቴ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፍሏል፤ ከስማዳም ሰዴ ሙጃ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኗል። ወረዳ ሲከፈል ዘበኛው ከቦታው ሳይነቃነቅ ወረዳ ለውጦ ያድራል። ትላንት በአንድ ወረዳ ውስጥ የነበረ የግማሽ ቀን ዝውውር፣ ዛሬ የሁለት ወረዳ ስምምነት የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል። አዲስ ወረዳ ሲቋቋም ሰውና ንብረት ስለሚከፋፈል ለአንዳንዱ ዕድል ይከፈታል፤ ለሌላው ደግሞ በሩ ይዘጋል።

ድህነቱም ሌላ ምክንያት ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ርዳታ ከሚያገኙ የምግብ እጥረት ካለባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። የራሱ ገቢ አነስተኛ የሆነ ወረዳ መምህር ለመቅጠር እንኳ የሚቸገር ሲሆን፣ ለጽዳት ሠራተኛ ክፍት መደብ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ከድኻ ወረዳ ወደ ድኻ ወረዳ መዛወር ከሁሉ ይልቅ የከበደ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሁለት ነገሮች ተጨምረዋል። አንደኛው በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ምዘናና የደረጃ ምደባ ነው። ሥራው በነጥብ ተመዝኖ ደረጃ ስለ ተሰጠው፣ በሁለት ወረዳ ያሉ ሁለት ጸሐፊዎች ደረጃቸው አንድ መሆኑ በግልጽ ስለሚታወቅ ለዝውውር ይረዳል። ሁለተኛው ጦርነት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሰሜኑ ጦርነት ለጥቂት ቀናት ተይዛ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር አያስተምርም፤ ዘበኛ ግን ይጠብቃል። እንዲያውም የሚጠብቀው ዕቃ ከበፊቱ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝውውር ኑሮን ማሻሻያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ነፍስን ማዳኛ ይሆናል፤ የሁለት ወረዳ ማኅተም እስኪገኝ ድረስ መጠበቅም ከባድ ፍርድ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን በአጭሩ እንሰብስበው። በአብነቱ ዘመን አገልግሎት ከመሬት ጋር የታሰረ ስለ ነበር አገልጋዩ በምትክ ካልሆነ አይለቅም ነበር። በትምህርት ግብር ዘመን ዘበኛው የመንደሩ ሰው ሆኖ ቀረ። የ1954 ዓ.ም. ትእዛዝ ማኅደር ሰጠው፤ ነገር ግን በቋሚ መደብ የተመዘገበውን ብቻ። በደርግ ዘመን የአንድ ግምጃ ቤት ሥርዓት ዝውውርን አቀለለ፤ የበላዩ ፈቃድ ግን ያለ ልክ በረታ። በወረዳው በጀት ዘመን ደግሞ የሠራተኛው ፈቃድ ተከበረ፤ መንገዱ ግን ጠበበ። በዘመናቱ ሁሉ ሊቁና መምህሩ ሲያልፉ አገልጋዩ በደጅ ቆሞ ይሸኛቸዋል።

ታሪክ የሚጻፈው ላለፈው ለማዘን ብቻ አይደለምና፣ ከዚህ ምርመራ የተነሣ ሦስት አሳቦች ብናቀርብ ድፍረት አይሆንብንም ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ በጎረቤት ወረዳዎች ያሉት ክፍት የድጋፍ ሥራ መደቦች በዞኑ ተሰብስበው በየዓመቱ በአንድ ጊዜ በግልጽ ቢነገሩ፣ ሠራተኛው ከወረዳ ወደ ወረዳ በእግሩ እየዞረ ከመጠየቅ ይድናል። ሁለተኛ፣ ለመምህራን የሚመዘኑት የጋብቻ፣ የጤናና የአገልግሎት ዘመን ምክንያቶች ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋም ቢመዘኑ ፍትሕ ነው፤ የትዳርና የሕመም ክብደት በደመወዝ ልክ አይለካም። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ በሚያዋጣው ገንዘብ ለረጅም ዓመት ያገለገሉት ዘበኞች ቢያንስ የአገልግሎታቸው መዝገብ በትምህርት ቤቱ ቢያዝላቸው፣ ክፍት መደብ ሲገኝ ያለፈው ድካማቸው ምስክር ይሆናቸዋል።

ዙር አምባ ላይ ተማሪው ዝማሬውን ሲጨርስ መምህሩ ይመሰክርለታል፤ ያም ምስክር እስከ ሌላ አገር ድረስ ይሠራለታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤትን በር የጠበቀ ሰውም እንዲህ ያለ ምስክር እንደሚገባው እናምናለን። ይህ ጽሑፍ ጉድለት እንደማያጣ እናውቃለን፤ አገሩን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ አንባቢያን በቅንነት እንዲያርሙንና የጎደለውን እንዲሞሉልን በትሕትና እንለምናለን።